የአውራ ጣት ጉዳይ፦ አንድ የእጅ መሣሪያ እንዴት ተመረጠ

የእህቴ ልጅ በ2017 ለገና ከዴንቨር ሲመጣ ለእናቱ ሹራብ፣ ለእኔ ደግሞ በስልኩ አራት ፎቶ ይዞ መጣ። የአራት መሣሪያዎች ፎቶ ነው፤ አራቱም አንድ ሥራ ይሠራሉ። «አጎቴ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ መሣሪያ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነዎት፤ አንዱን ይምረጡልኝ። አሁን ካዘዝኩት ስመለስ ደጃፌ ላይ አገኘዋለሁ» አለኝ።

በቴክኒክ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት የማሽን ሥራ አስተምሬያለሁ። ስለ መጋዝ፣ ስለ ሞረድ፣ ስለ ካሊፐር ያልተጠየቅሁት የለም። በተተኮሰ ቀለህ ላይ አዲስ ፕራይመር ስለሚተክል የእጅ መሣሪያ የጠየቀኝ ግን እሱ ብቻ ነው። መልሱን ለማግኘት አሥር ቀን ፈጀብን። ከአሥሩ ስምንቱን ያባከንኩት እኔ ነኝ። ጉዳዩን ከነስሕተቴ ልጻፈው።

አንባቢ እንዳይደናገር ሥራውን ባጭሩ ላስረዳ። ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለህ፣ ባሩድ፣ አረር፣ እና በቀለሁ መቀመጫ መካከል ባለች ጉድጓድ የምትገባ ትንሽ የብረት ቆብ። ፕራይመር የሚሏት ይህቺን ቆብ ነው። ምላጩ ሲሳብ የጠመንጃው መርፌ ይመታታል፤ በውስጧ ያለው ቅመም ይፈነዳል፤ እሳቱ በጉድጓዷ ቀዳዳ አልፎ ባሩዱን ያቀጣጥለዋል። ከተተኮሰ በኋላ ቀለሁ ደኅና ሆኖ ይቀራል፤ ቆቧ ግን የአንድ ጊዜ ናት፤ ተነቅላ በአዲስ ትተካለች። በኮሎራዶ አዳኝና ዒላማ ተኳሽ ቀለሁን ለቅሞ፣ አጥቦ፣ በቤቱ መልሶ መሙላቱ የተለመደና የተፈቀደ ሥራ ነው። የጦር መሣሪያና ጥይት በፈቃድ በሚያዝበት አገራችን፣ ያውም ከአዋጅ ቁጥር 1177/2012 በኋላ፣ ማንም እቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሞክረው ነገር አይደለም። ልጁም ቢሆን ከፎቶ በቀር ይዞት የመጣው የለም። ፕራይመር በመንገደኛ ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይሳፈርም።

ቆቧ ትንሽ ናት። እሱ ለሚጠቀምባቸው ጥይቶች የምትሆነው ትልቋ 5.33 ሚሊ ሜትር ስፋት አላት፤ ትንሿ 4.45። በአፏ በኩል እግር ያላት የብረት ቁራጭ ተሰክታባታለች። ፈረንጆቹ የሰጧት ስም የአንጥረኛ መስፍ ማለት ነው፤ ስሙ ሥራዋን በደንብ ይገልጸዋል። መርፌው መዶሻ ሆኖ ሲመታ ቅመሙ በቆቧ ጀርባና በመስፏ መካከል ይጨፈለቃል። መስፍ እንግዲህ መሬት መንካት አለበት። የመስፏ እግሮች የጉድጓዱን ወለል ካልነኩ የመርፌው ምት ቅመሙን በመጨፍለቅ ፋንታ ቆቧን ወደ ታች በመግፋት ያልቃል። ጥይቱ ይከሽፋል። በሁለተኛው ምት ግን ቆቧ ቀድሞ ወለሉ ላይ ስላረፈች ይተኩሳል። ይህችን የሁለተኛ ምት ነገር አንባቢ ይያዝልኝ።

መስፏን ከቆቧ ጋር አብራ እንድትኖር ያደረገው ኤድዋርድ ቦክሰር የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ነው፤ በ1866 እ.ኤ.አ.። ጥይቱን የሠራው ለየትኛው ጠመንጃ እንደሆነ ሳውቅ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ አባቶቻችን ስናድር ለሚሉት ነው። የናፒየር ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የወጣው እሱን ተሸክሞ ነው። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ሂራም በርዳን መስፏን ከቆቧ አውጥቶ የቀለሁ ወለል አካል አደረጋት። ዛሬ አሜሪካኖቹ የእንግሊዛዊውን ዘዴ ይዘዋል፤ ብዙው የአውሮፓና የምሥራቁ ዓለም የጦር ጥይት ደግሞ የአሜሪካዊውን። የበርዳን ቀለህ መካከሉ ላይ ቀዳዳ የለውም፤ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች በጎንና በጎን ናቸው፤ ስለዚህ ያረጀችውን ቆብ በመርፌ ገፍቶ ማውጣት አይቻልም። ለመልሶ መሙላት የሚመቸው የቦክሰር ነው፤ የእኛ ልጅም ሥራ በሙሉ በእሱ ላይ ነው።

ስምንቱ ቀን

የልጁ ችግር ይህ ነበር። በኅዳር ወር ከከተማ ውጭ ባለ የዒላማ ሜዳ በራሱ እጅ የሞላቸውን መቶ ጥይቶች ሲተኩስ አምስቱ ከሸፉ። አምስቱንም እንደገና አቀባብሎ ምላጩን ሲስብ ተኮሱ። ጠመንጃው በእጅ የሚቀባበል ዓይነት ስለሆነ ከመበሳጨት በቀር የደረሰበት የለም። አንዳንድ በራሳቸው በሚጎርሱ ጠመንጃዎች ላይ ግን ከፍ ብላ የተተከለች ቆብ ዘጊው ሲገጥም ምላጭ ሳይነካ ልትተኩስ ትችላለች፤ ያ ሌላ ጣጣ ነው።

አብሮት የሚተኩስ ጓደኛው ወዲያው ፍርድ ሰጠ፦ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ጥንካሬ የለውም፤ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ግዛ። ልጁ አላመነም፤ አላጣጣለውምም። አራት ፎቶ ሰበሰበ። አንደኛው እስከ ዛሬ የሚጠቀምበት፣ በአውራ ጣት የሚገፋው መሣሪያ አዲስ ሞዴል ነው። ሁለተኛው ጓደኛው ያለው፣ በብሎን ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ረዥም እጀታ ያለው። ሦስተኛው ያለ ቀለህ መያዣ ማንኛውንም ቀለህ በሞላ (ስፕሪንግ) በሚሠራ ጥርሱ የሚቆነጥጥ፣ በመዳፍ የሚጨመቅ፣ አርሲቢኤስ የተባለው ድርጅት መሣሪያ። አራተኛው ፍራንክፎርድ አርሰናል የተባለ ሌላ ድርጅት ሥሪት ነው፤ እሱም በመዳፍ የሚጨመቅ፣ አካሉ ብረት፣ ቆቧ የምትገባበትን ጥልቀት «ቀጭ ቀጭ» እያለ በሚዞር ቀለበት የሚለኩበት።

እኔ ወዲያው የጠረጴዛውን መረጥኩ። ማሽን ያስተማረ ሰው የታሰረ ነገር ይወዳል። የማይነቃነቅ መሠረት፣ ቀጥ ያለ መግፊያ፣ ረዥም እጀታ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ስምንት ቀን ሙሉ የማስረዳው ይህንኑ ነበር። ቅርጽ እየሣልኩ፣ የኃይል መሥመር እያሰመርኩ፣ ማስታወሻ ደብተር ሞላሁ። እሱም አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፤ አስተዳደጉ ጨዋ ነው። በመካከሉ ግን «እኔ እኮ የምሠራው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጠረጴዛውን ልብሳው?» አለኝ። ይህን ስሰማ ሌላ ነገር አስቆጣኝ። የፕራይመር ቅመም የእርሳስ ውህድ አለበት፤ ልጆች ቁርስ የሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ ይህን መሥራት ምን ማለት ነው? አጭር ተግሣጽ ሰጠሁት፤ ወደ ጋራዡ እንደሚያዛውር ቃል ገባ። የጠረጴዛው ሐሳቤ ግን እንዳለ ቀረ።

ሰዓት ሠሪው

በዘጠነኛው ቀን የእጅ ሰዓቴን ልቀበል ወደ ፒያሳ ስወርድ ልጁን አስከተልኩት። ሰዓቴን የሚጠግኑልኝ ጋሼ ሱቃቸው ዶሮ ማነቂያ ነበር፤ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃቸውን በሁለት ካርቶን ሸክፈው ከጊዮርጊስ ቁልቁል ባለ ፎቅ ምድር ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩ። ክፍሏ ሦስት ሰው አትይዝም፤ ልጁ በሩ ላይ ቆመ። ጋሼ ማጉያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚሠራ ጠየቁት። ትልቅ የጭነት መኪና እንደሚነዳ ነገራቸው። ምን እንዳሳሰበው ሲጠይቁት ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ፎቶዎቹን አሳያቸው።

ፎቶዎቹን አላዩዋቸውም ማለት ይቻላል። ስልኩን መለሱለትና «እነዚያ የከሸፉብህ ስትሞላ መጀመሪያ የሞላሃቸው ናቸው ወይስ መጨረሻ?» አሉት።

እኔ በስምንት ቀን ያላነሳሁት ጥያቄ ነው።

ልጁ አሰብ አደረገ። ጥይቶቹን ሃምሳ ሃምሳ በሚይዝ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ከግራ ወደ ቀኝ በተርታ ነው የሚያስቀምጣቸው። የከሸፈውን ቀለህ ደግሞ እንዳይጠፋበት ወደ ቦታው ሲመልሰው አፉን ወደ ታች ይገለብጠዋል። የሣጥኖቹ ፎቶ በስልኩ ነበር። አሰፋው። በመጀመሪያው ሣጥን አንድም የተገለበጠ የለም። በሁለተኛው አምስት አሉ፤ አንዱ መካከል ላይ፣ አራቱ በመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች።

«ጣትህን አሳየኝ» አሉት ጋሼ።

የቀኝ አውራ ጣቱን ሥር ጫን ሲያደርጉት ፊቱ ተቋጠረ። ለካስ ሐኪም ካየው ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የአውራ ጣቱ ሥር መጋጠሚያ ላይ ያለው ልስልስ አጥንት ተበልቷል ተብሏል። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ይውላል፤ ማታ ደግሞ ከመቶ ጊዜ በላይ በዚያው አውራ ጣት ይገፋል። ከሰባ በኋላ ሕመሙ ስለሚብስበት ቆቧ የገባች ሲመስለው እጁን ያነሳል። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «አጎቴ፣ እርስዎ የጠየቁኝ ስለ መሣሪያው ነው» አለ። እውነቱን ነው።

ግምት ማስረጃ አይደለምና ሌሎቹን ምክንያቶች አንድ በአንድ አነሳን። የመርፌው ሞላ ደክሞ ይሆን? በዚያው ቀን ከሱቅ የተገዙ ሃያ ጥይቶች ተኩሶ ነበር፤ አንዱም አልከሸፈም። ቆቦቹ ዘይት ነክቷቸው ይሆን? ቅመሙ በዘይት የተበላሸ ቆብ በሁለተኛ ምት አይድንም ባይባልም፣ አምስቱም መዳናቸው ወደ ሌላ ይመራል። ቀለሁ ከልክ በላይ አጥሮ ወደፊት ሸሽቶ ይሆን? ቀለሆቹ የተቃኙት፣ ማለትም ከተተኮሱ በኋላ ተጨምቀው ወደ ልካቸው የተመለሱት፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ልክ ነው፤ ያ ቢሆን ክሽፈቱ በሁለቱም ሣጥን ይበተን ነበር።

ቀሪው ማረጋገጫ ዴንቨር ነበር። ከዚያው ዕለት ሥራ ሌላ ሣጥን ሳይተኮስ ተቀምጧል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ደወልን፤ እዚያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ሚስቱ ልጆቹን ትምህርት ቤት ልትሸኝ ስትጣደፍ ደረስንባት። ስትመለስ የመጨረሻዎቹን ሃያ ጥይቶች አንድ በአንድ በመስታወት ላይ እንድታቆማቸው ለመንናት። ቆቧ ከቀለሁ መቀመጫ ዝቅ ካለች ጥይቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከፍ ካለች ይወዛወዛል። ዓይን የማያየውን መስታወት ያሳያል። አሥራ ስምንቱ ቆሙ። ሁለቱ እንደ ሰካራም ተንገዳገዱ። «ይኸውልህ፣ ለዚህ ነው አራት መሣሪያ የምትመርጠው?» አለች፤ ዘጋችውም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ልጁ ወዲያው «ስመለስ ገፋ አድርጌ አስተካክላቸዋለሁ» አለ። አይደረግም። ባሩድና አረር የያዘ ጥይት ላይ ቆብ መግፋት እጅህ ውስጥ እንዲተኩስ መጋበዝ ነው። አረሩ ይነቀላል፣ ባሩዱ ይደፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀለሁ የሚነካው።

ክሩ

ስለዚህ አውራ ጣቱ ጥፋተኛ ሆነ። የመጀመሪያው ፎቶ ያኔውኑ ወደቀ፤ አዲስ ሞዴል ቢሆንም የሚገፋው ያው ጣት ነው። እኔ ግን የጠረጴዛውን ገና አልተውኩም። ጣት የሚያምው ሰው ረዥም እጀታ ቢይዝ ምን ይጎዳዋል? እንዲያውም ያርፋል አልኩ።

ጋሼ መልስ አልሰጡኝም። ከመደርደሪያ ሥር ያረጀ የሰዓት ቀፎ ከነክዳኑ አወጡ። ክዳኑ ተጭኖ «ጠቅ» ብሎ የሚገጥም ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ ክዳን መዝጊያ ሁለት መሣሪያ አላቸው፤ አንዱ እንደ ፒንሳ በመዳፍ የሚጨመቅ ትንሽ፣ ሌላው ጠረጴዛ ላይ የቆመ ረዥም እጀታ ያለው መጭመቂያ። ይህን ሁለተኛውን አዲሱ ሱቅ ሲገቡ በደስታ ነበር የገዙት። የልጁን ዓይን በመሐረብ አሰሩ። ከዚያ አንዳንዴ በክዳኑ ከንፈር ሥር ቀጭን የስፌት ክር እያስገቡ፣ አንዳንዴ ሳያስገቡ እንዲዘጋው ሰጡት። ክር ካለ ከመዘጋቱ በፊት እንዲያቆም፣ ከሌለ እንዲዘጋው።

በመዳፉ ሲጨምቅ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ለየ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ጋሼ ክር አላስገባሁም ሲሉት «የሆነ ነገር አለ» ብሎ ድርቅ አለ፤ ሲታይ የጨርቅ ብናኝ ተገኘ። በረዥሙ እጀታ ግን ክዳኑ ክር ኖረም አልኖረም እኩል ይዘጋል። ግማሹን እንኳ አልለየም፤ ክሩን ሦስት ጊዜ በጠሰው።

ያን ጊዜ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነገር ትዝ አለኝ። እጀታ ኃይልን አሥር እጥፍ ካባዛ፣ ከታች የሚመጣውን የተቃውሞ ለውጥ ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ አሳንሶ ነው ለእጅ የሚያደርሰው። ያቺ አንድ አሥረኛ በእጀታው ክብደትና በመጋጠሚያው ሰበቃ ውስጥ ትሰምጣለች። መኪና ለማንሳት ይህ በረከት ነው። እዚህ ግን የሚፈለገው ኃይል አይደለም። ቆብ ለማስገባት ብዙ ኃይል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ወለሉን የነካችበትን ቅጽበት ማወቅ ነው። ቆቧ በተለምዶ ከቀለሁ መቀመጫ ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብላ እንድትተከል ይፈለጋል፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ነው። መጀመሪያ የጉድጓዱ ግድግዳ ይይዛታል፣ ከዚያ ትንሸራተታለች፣ ከዚያ የመስፏ እግሮች ወለሉን ሲነኩ ተቃውሞው ድንገት ይጠነክራል። ይህን ድንገት እጅ ካልሰማው ማንም አይሰማውም። ጥሩ የጠረጴዛ መሣሪያዎች አጭር እንቅስቃሴና ረቂቅ አሠራር ያላቸው አሉ፤ ለውድድር ተኳሾች የሚሠሩ፣ ዋጋቸውም እንደዚያው። የልጁ ፎቶ ላይ ያለው ግን ከእነሱ ወገን አልነበረም።

ሁለት ፎቶ ቀረ፤ ሁለቱም በአራት ጣትና በመዳፍ የሚጨመቁ። አውራ ጣት መሣሪያውን ከማቀፍ በቀር ሥራ የለውም።

የአርሲቢኤሱ ማንኛውንም ቀለህ የሚቆነጥጥ ጥርስ አለው፤ ሻጩ የሚያሞግሰውም በዚሁ ነው። (በነገራችን ላይ ያ ስም አህጽሮት ነው፤ ፍሬድ ሃንቲንግተን በ1943 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ኦሮቪል ድርጅቱን ሲጀምር ይሠራው የነበረው ሮክ ቻክ የሚባለውን የዱር እንስሳ ለማደን የሚሆን አረር መጭመቂያ ነበር፤ አራቱ ፊደሎች ከዚያ የተለቀሙ ናቸው።) ብዙ ዓይነት ጥይት ለሚሞላ ሰው ያ ጥርስ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በየዓይነቱ የቀለህ መያዣ ከመቀያየር ያድነዋል። የእኛ ልጅ የሚሞላው ግን ሁለት ብቻ ነው፤ .308 ዊንቸስተር እና .243 ዊንቸስተር። ሁለተኛው የተሠራው የመጀመሪያውን ቀለህ አንገት በማጥበብ ነው፤ ስለዚህ የመቀመጫቸው ልክ አንድ ነው፤ የሚቀበሉት ቆብም ያው ትልቋ ናት። አንድ የቀለህ መያዣ ለሁለቱም ይበቃል፤ ያንንም ቀለህ በሚቃኝበት መጭመቂያው ላይ ገጥሞት ይኖራል። የሌለበትን ችግር ለሚፈታ ጥርስ ገንዘብ የሚከፍልበት ምክንያት አላየሁም። የሚንቀሳቀስ አካል በጨመረ ቁጥር የሚያረጅም ይጨምራል።

በፍራንክፎርዱ ብዙ ተከራከርን። ጠንካራ ነው፤ የተለያዩ መያዣዎች አብረውት ይመጣሉ፤ ጥልቀት የሚለካው ቀለበትም ያማልላል። ልጁ ልቡ እዚያ ነበር። «ልኩን አንዴ ሞልቼ ብተወው ሁሉም እኩል ይገባል» አለ። እኩል መግባታቸው እውነት ነው፤ እኩል ማረፋቸው ግን አይደለም። ቀለበቱ የሚያውቀው ከመያዣው ያለውን ርቀት እንጂ የጉድጓዱን ወለል አይደለም። የጉድጓዶች ጥልቀት በቀለህ ፋብሪካውና በቀለሁ ዕድሜ ይለያያል፤ ወለሉ ላይ የተጠራቀመ ጥቀርሻም አለ። ጉድጓዶቹን ሁሉ በመሣሪያ ፍቆ አንድ ልክ ለሚያደርግ ትጉ ሰው ቀለበቱ ይጠቅመዋል። ለማይፈቅ ሰው ግን በማቆሚያው ላይ ሲያርፍ «ነካ» ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል፤ የታመመ አውራ ጣት ያታለለውን ሰው ማቆሚያ ደግሞ ያታልለዋል። ቀለበቱን እስከ መጨረሻው ለቅቆ መጠቀም ይቻላል፤ ታዲያ ምን ሊሆን ተገዛ?

በመጨረሻ የታዘዘው ከአራቱ ፎቶ አንዱም አልነበረም። የዚያው የአርሲቢኤስ ሌላ ሞዴል ነው፤ በመዳፍ የሚጨመቅ ሆኖ ተራውን የቀለህ መያዣ የሚቀበል። የወደድኩለት ሌላም ነገር አለ፤ የምትተከለዋን ቆብ ትሪው ላይ ከተደረደሩት የሚለይ መዝጊያ አለው። አንዲት ቆብ ብትፈነዳ ሌሎቹን እንዳታስከትል ነው። መዳፍህ ውስጥ መቶ ቆብ ይዘህ ስትጨምቅ እንዲህ ያለው ነገር ከዋጋው ቀድሞ መታየት ነበረበት፤ እኔም ያነሳሁት መጨረሻ ላይ መሆኑን አልክድም። መከላከያ መነጽር ማድረግ፣ ቆቦቹን ከፋብሪካ ማሸጊያቸው አውጥቶ በብልቃጥ አለማጠራቀም፣ አልገባ ያለችውን በጉልበት አለመግፋት፤ እነዚህን አጽፌው ነው የሸኘሁት። አልገባ የምትለው ብዙ ጊዜ ከወታደር ጥይት የተገኘ ቀለህ ላይ ነው፤ እዚያ ቆቧ እንዳትወጣ የጉድጓዱ ከንፈር ተቀጥቅጦ ይጠብባል፤ መጀመሪያ ያ መስተካከል አለበት።

ጋሼ አንድ ነገር ጨመሩ፦ «ሃያ አምስት ሥራና ተነሥተህ ውኃ ጠጣ።» ከዚያ ወደ ቶሞካ ወጥተን ቆመን ማኪያቶ ጠጣን። ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ፤ የስምንቱ ቀን ካሣ መሆኑ ነው።

ከፋሲካ በኋላ

ልጁ የደወለው በሚያዝያ መጨረሻ ነው። መቶ ሞልቶ መቶ ተኩሷል፤ አንድም አልከሸፈም። ከመተኮሱ በፊት ሁሉንም መስታወት ላይ አቁሞ አይቷቸዋል። አውራ ጣቱ ዛሬም ያመዋል፤ ያ የመሪው ነው፤ ማታ ግን አይብስበትም። ቅሬታም አለው። እጁ ትልቅ ስለሆነ እጀታው መካከለኛ ጣቱን ይሞርደዋል፤ ቆቦቹን ትሪው ላይ ፊታቸውን ወደ ላይ ለማስገልበጥ ትሪውን ማንቀጥቀጥም ትዕግሥቱን ይፈትነዋል።

ውጤቱን ያመጣው መሣሪያው ነው ወይስ በየሃያ አምስቱ የሚወስደው እረፍት? ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለቀየርን መለየት አልችልም። ተማሪ እንዲህ ያለ ሙከራ ቢያመጣልኝ ነጥብ እቀንስበት ነበር።

ያልጠበቅሁትን የነገረኝ መጨረሻ ላይ ነው። ሦስት ቀለሆች ላይ ቆቧ ያለ ምንም ተቃውሞ፣ ባዶ ቦታ እንደሚገባ ነገር፣ ሾልካ ገባችለት። ደጋግሞ ከመተኮስ ጉድጓዳቸው ሰፍቷል ማለት ነው፤ ቆቧን አጥብቀው ስለማይዙ ይጣላሉ። ጣላቸው። «ድሮም ይኖሩ ነበር እኮ፤ ግን አንድም ቀን ተሰምተውኝ አያውቁም» አለኝ።

ይህን ለጋሼ ልነግራቸው በማግስቱ ወደ ፒያሳ ወረድኩ። ደንበኛ ይዘው ስለነበር በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ዓይኔ ጠረጴዛቸው ጥግ ላይ ወደቆመው መጭመቂያ ሄደ፤ ያ በደስታ የገዙት። እጀታው በብረት መጋዝ ተቆርጧል። የቀረው አራት ጣት የሚይዝ ብቻ ነው፤ ጫፉም በሞረድ ተድበልብሏል።